አልጋ ሳይሆን አልጌ

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ከጣሪያው ላይ ቁልቁል «ማሙሽ» ብላ ተጣራች። ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ጢምም አለኝ። ከቤታችን ሥር ያሉት ጆንያ ሻጮች ግን ይህን ቃል ከእሷ አፍ ከሰሙ ወዲህ ለእነሱም ማሙሽ ሆኜ ቀርቻለሁ።

«ማሙሽ፣ እማማ እየጠሩህ ነው» አለኝ አንዱ።

እማማ አይደለችም፤ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት። እናትና አባታችን ጉራጌ አገር ናቸው። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ያመጣችኝም፣ ደብተሬን እያየች የገሠጸችኝም እሷ ናት። ስለዚህ ሰውየው ብዙም አልተሳሳተም።

ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ደህና ቀን ነበር። ስጽፈው ትልቅ ቀን እንዳላስመስለው እፈራለሁ። ትልቅ አልነበረም። ሙቀት ነበር። የበርበሬ ብናኝ ነበር። እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ በዚህም ተነጫንጬ ደረጃውን ወጣሁ።

ቤታችን ከራጉኤል ወደ በርበሬ በረንዳ ሲኬድ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። የፎቁ ባለቤት የወሎ ሴት ናቸው፤ የበርበሬ ነጋዴ። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። እታለም በአንድ የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ታስተምር ነበር። ጣሪያው ላይ ደግሞ አልጌ ታሳድጋለች።

አልጌ ማለት የቆመ ውሃ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ነው። የእሷ ግን ከዚያም የደቀቀው ነው፤ አንዱን ለብቻው በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሲበዛ ብቻ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ውስጡ ዘይት አለ። ዘይቱን አውጥታ ነዳጅ ልታደርገው ነበር። ጉዳዩ ሁሉ ይኸው ነው። እኔ ምናለሽ ተራ አሮጌ ፕላስቲክ ከሚሸጥ ሰው ጋር ስለምሠራ በርሜሉንም ሃይላንዱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትልልቆቹን ሃይላንዶች በውሃ ሞልታ፣ ዩሪያ በጣት ጫፍ ጨምራ፣ የዓሣ ማሳደጊያ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ አየር እንዲነፋባቸው አድርጋ ፀሐይ ላይ ደርድራቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ይንቦጫቦጫሉ። ሲያዩአቸው ጣሪያው በሙሉ የጎመን ሾርባ የተጣደበት ይመስላል።

ችግሩ ስሙ ነበር። መርካቶ ውስጥ አልጌ ብሎ የሚሰማ ጆሮ የለም። አልጋ ነው የሚሰማው። ሰፈሩ በሙሉ «አልጋ አለ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ታዲያ ምን ያድርጉ። ጆንያ ሻጮቹ «እላይ አልጋ የምታበቅል መምህርት አለች» ብለው አወሩ። አንድ ቀን ማር ሊሸጥ ከገጠር የመጣ ሰውዬ ጀሪካኑን ተሸክሞ ጣሪያው ድረስ ወጣ። ላብ አጥምቆታል።

«አልጋ አለ ተብዬ ነበር» አለ።

እታለም ሳትስቅ ቀና ብላ አየችው። «አለ አባቴ። ግን እርጥብ ነው» አለችው።

ሰውዬው ጠርሙሶቹን ዞሮ አየ። ቆይቶ «ደረቅ የለም?» አለ።

ደረቅም ነበር፤ ትሪ ላይ ተሰጥቷል። አሳየችው። ውሃ አጠጣችው፤ እውነተኛ አልጋ ያለበትንም ቤት ጠቆመችው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ ስገባ «ደረቅ የለም?» እያልኩ ነበር በሩን የምከፍተው።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ላስረዳ። ፓምፑን ስታጠፋው አረንጓዴው ቀስ ብሎ ይዘቅጣል። የላይኛውን ውሃ ትደፋና የቀረውን በአሮጌ ነጠላ ታጠልለዋለች። ትሪ ላይ ይደርቃል። በሙቀጫ የምወቅጠው እኔ ነኝ። ከዚያ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ፈሳሽ ታፈስበታለች። ፈሳሹ ዘይቱን ከዱቄቱ ነጥቆ ይወጣል። ፈሳሹን በሞቀ ውሃ ላይ አስቀምጣ፣ እሳት አጠገቡ ሳይደርስ ታተነዋለች፤ ዘይቱ ይቀራል። ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከመስከረም ጀምረን ያንን ሁሉ ወቅጠን ያገኘነው አንድ ሲኒ አይሞላም ነበር።

«በዚህ እንቁላል አይጠበስም» አልኳት።

«አንድ ይጠበሳል።»

«የምን? የዶሮ?»

«የእርግብ» አለች።

ዘይት ብቻውን ግን ነዳጅ አይደለም። መለወጥ አለበት። የዚያ ቅዳሜ ሥራ ይኸ ነበር። ሜታኖል ከሚባል አልኮል ጋር ኮስቲክ ሶዳ አሟሟች፤ ሳሙና ሠሪዎች የሚገዙት ያ የሚያቃጥል ነጭ ነገር ነው። መነጽርና ጓንት አደረገችልኝ፤ ነፋሱ ከጀርባዬ እንዲመጣም አዞረችኝ።

«አትተንፍስ» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«ሥራው እስኪያልቅ። አንተ ስትተነፍስ ነገር ይበላሻል።»

ለብ ባለው ዘይት ላይ ጨመረችውና ትንሽ ሃይላንድ ውስጥ ከድና በእጇ ለረጅም ጊዜ ናጠችው፤ ወተት እንደምትንጥ ሴት። ዘይቱ ውስጥ የውሃ ጠብታ ካለ ነዳጅ መሆኑ ይቀርና ሳሙና ይሆናል ብላኛለች። ቢሆንስ ምን ይጎዳናል፣ ሳሙና ተወዷል አልኳት። በጓንቷ ትከሻዬን መታችኝ። ከዚያ ሃይላንዱን ዘቅዝቃ ከልብስ ማስጫው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ክዳኑን በስታ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን የግሉኮስ ቱቦ ቀጥላበታለች፤ ያቺ ፍሰቱን የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ ጎማ ያለችበትን። እስኪነጋ ቆሞ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ነዳጅ ነው፤ ሌላው ግሊሰሪን የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ነው። ጠዋት የታችኛውን በቱቦው አውርዶ የላይኛውን ማስቀረት ነው።

እትዬ ይህን ጊዜ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወጡ። የተሰቀለውን ሃይላንድ ከነቱቦው አዩ።

«ምነው፣ ታመመ እንዴ? ግሉኮስ የሰቀላችሁለት።»

«እያገገመ ነው እትዬ» አለች እህቴ።

«ይማረው። መቼ ነው ታዲያ የሚነሣው?»

«ነገ ጠዋት።»

እትዬ ቀልዳቸውን አቆሙ። ጣሪያውን ለበርበሬ ማስጫ ይፈልጉታል፤ ይህን እናውቃለን። የታችኛው ግቢ ጠቧቸዋል። ባለፈው ዓመት እሳቸው በአንድ ጥግ፣ እኛ በአንድ ጥግ ሆነን ሞክረን ነበር፤ ብናኙ ገብቶ አልጌያችን ቀይ ወጥ መሰለ፣ የሳቸውም በርበሬ ውሃ ተረጨበት።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ይኸ ነገር ኩራዝ ካበራልሽ ጣሪያው እስከ ክረምት ያንቺ ነው። ካላበራ አልጋሽን ትሰበስቢያለሽ። ወላሂ ከዚህ አልጨምርም።»

«አልጌ ነው እትዬ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

እህቴ እጇን ዘረጋች፤ ተጨባበጡ። ያ ጣሪያ ለእሷ ምን እንደነበረ በደንብ መጻፍ አልችልም። ዘመድ «መቼ ነው የምታገቢው» ሲላት የማትሰማበት ቦታ ነው። «አንድ ቀን ይኸ ሁሉ የጭነት መኪና በኔ አልጌ ይሄዳል» ትለኝ ነበር ቁልቁል መንገዱን እያየች። ወዴት እላታለሁ። ወደ ጋራዥ ትለኛለች። በራሷም ትቀልዳለች። ግን ትፈልገው ነበር።

ስንወርድ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። ሁልጊዜም እዚያ ትቆማለች፤ ስትወጣም ስትወርድም። ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመም ነበረባት። በየወሩ መርፌ ትወጋለች። ስለ እሱ ማውራት ስለማትወድ ደረጃ ላይ ስትቆም የከተማውን እይታ እያደነቅሁ ነው ትላለች። ከዚያ ደረጃ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮና አንድ የውሃ ታንከር ነው።

«ዛሬ ታንከሩ እንዴት ነው?» አልኳት።

«አምሮበታል» አለች።

ቀኑ ሲመሽ ጫማዋን ልታወልቅ ተቀመጠች። ማሙሽ ውሃ አለችኝ። አመጣሁላት። አልጠጣችውም። ጆንያ ሻጮቹ ተሸክመው አወረዷት፤ ታክሲ ያገኙልንም እነሱ ናቸው። ሐኪሞቹ የቻሉትን አድርገዋል። ስለዚያ ሰዓት ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

ሲነጋ እድሩ ድንኳኑን ከበራችን ፊት ተክሎ ነበር። ቀብሩ ወላጆቻችን ከገጠር ሲደርሱ ነው ተባለ። እኔ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጡኝ ቦታ ተቀምጫለሁ። የእድሩ ሊቀመንበር ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራ ያውቃሉ። ለቀስተኛው መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት እንዲቀመጥ ዕቃ ሁሉ ከቤት መውጣት አለበት። «ሶፋውን አውጡ፣ ቁም ሣጥኑን ወደ ግድግዳ» ይላሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ጆንያ ሻጮቹን አዘዙ።

«አልጋ የሚባል ነገር እንዳይቀር። ሁሉም ይውጣ።»

ልጆቹ ታዛዦች ናቸው። የእህቴን አልጋና የኔን አልጋ ፈተው አወጡ። ቀጥሎ የሄዱበትን አላየሁም። ያየሁት ውሃውን ነው። ከደረጃው ሥር ወጥቶ፣ በድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ አልፎ፣ ወደ ቦዩ የሚወርድ አረንጓዴ ውሃ። አንድ አሮጊት ነጠላቸውን ሰብስበው እግራቸውን አነሡ። ቀና ስል አንዱ ጆንያ ሻጭ በሁለት እጁ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይዞ እየወረደ ነው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩት።

«አልጋ በሙሉ ይውጣ ተባለ» አለ። ፊቱ በእንባ አብጧል። «የላዩ ብዙ ነው፣ ማሙሽ። ገና አልጨረስንም።»

እንግዲህ ሳቄ መጣ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ከሆዴ ተነሥቶ መጣ፤ ልይዘው ብሞክር በአፍንጫዬ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ሴቶቹ ለቅሶ መሰላቸው። እስከዚያ ድረስ ስላላለቀስኩ ሲጨነቁልኝ ነበር። ግራና ቀኝ ይዘውኝ «ተመስገን፣ ይውጣልህ፣ አልቅስ» ይሉኛል። እኔ እስቃለሁ። «እርጥብ ነው» ልላቸው ፈልጌ አልወጣ አለኝ። ይህን ነገር ልነግራት የምፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የለችም። ይህ የገባኝ እዚያው ሳቁ መሃል ነው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ልክ ሆኑ።

ሲለቁኝ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። አብዛኞቹ ጠርሙሶች ባዶ ናቸው። ሁለተኛው ጆንያ ሻጭ ወደ ልብስ ማስጫው ምሰሶ እጁን ዘርግቷል።

«ይኸ ግሉኮስስ? የሷ ነው?»

«እሱን ተወው» አልኩት። «ሌላውንም ተው። ይኸ አልጌ ነው እንጂ አልጋ አይደለም።»

ልጁ የያዘውን ጠርሙስ አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። «ወይኔ፣ እኔ እኮ ስትቀልድ ነበር የሚመስለኝ። ይህን ሸጣ አልጋ ልትገዛበት ስለሆነ አልጋ ትለዋለች ብዬ» አለ። እንደገና እንዳልስቅ ፈራሁ።

እትዬ ከኋላዬ ወጥተው ኖሯል። እስከዚያ ቀን አይተናቸው በማናውቀው አሮጌ ጥቁር ሻርፕ ተሸፍነዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ና ውረድ። ጣሪያው የትም አይሄድም። የፈለግኸውን ያህል ይቆይ።»

ደግ ቃል ነው። ግን እህቴን አውቃታለሁ። በምሕረት የተጨመረላትን ማርክ እንኳን መልሳ የምታስቆርጥ ሰው ናት። ጣሪያውን ስላዘኑልን ሰጡን ቢባል አይሆንላትም።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያሉት፣ እትዬ» አልኩ። «ኩራዝ ካበራ ነው ያሉት።»

እትዬ አንድ ጀሪካን ገለበጡና ላዩ ላይ ተቀመጡ። «በል እንግዲያው» አሉ።

ሃይላንዱ ውስጥ በእርግጥ ለሁለት ተከፍሏል። መስመር አለው፤ በፀሐይ ሳየው ታየኝ። ሁለቱም ግን ጥቁር ናቸው፤ የታችኛው የባሰ። የቱ ነበር የሚጣለው? ነግራኛለች፤ ከራሴ ውስጥ ግን ጠፋ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ብዙ ነገር ጠፍቷል። የሚወርደውን ካበላሸሁ ሌላ የለም፤ የወራት ዘይት ያቺው ናት።

«የትኛው ነው ነዳጁ?» አሉ እትዬ።

«ረሳሁት።»

ቀረብ ብለው አዩ። «የጠላ አተላ የት ነው የሚሆነው?»

«ታች።»

«ቅቤስ ሲናጥ?»

«ላይ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ» አሉ። የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ አልተከራከርኩም።

ትንሿን ጎማ ከፈትኩ። የታችኛው እንደ ቀጭን ማር ሆኖ ከሥሩ ወዳስቀመጥኩት ጣሳ ወረደ። መስመሩ ዝቅ እያለ መጣ። ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ ዘጋሁ። ትንሽ አሳልፌያለሁ መሰለኝ፤ እሷ ብትሆን ትሰድበኝ ነበር። የቀረውን መንደሪን በምታክል አንዲት ቆርቆሮ ኩራዝ ውስጥ ቀዳሁ። ክሩን ነከርኩት። ያ ጆንያ ሻጭ ክብሪት ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ክብሪት ጠፋ። ሁለተኛው ክሩን ብቻ አጨሰ። እትዬ «ቢስሚላህ በል እስቲ» አሉኝ። እኔ በስመ አብ አልኩ። ሦስተኛውን ክሩ ሥር ይዤ ቆየሁ፤ ጣቴን አቃጠለኝ። ያዘ። እንደ ተቆጣ ድመት ፍስስ እያለ፣ ትንሽ እየዘለለ፣ ዓሣ የተጠበሰበት ቤት እየሸተተ በራ። በጠራራ ፀሐይ ነበልባሉ ብዙም አይታይም። እትዬ መዳፋቸውን አጠገቡ አድርገው ሙቀቱን ለኩ።

«ይሸታል» አሉ።

«ይሸታል።»

«ግን ነደደ። አየሁ።» በሻርፓቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «እስከ ክረምት ነው ያልኩት እንግዲህ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባሁም። ከሷ ጋር ተጨባብጫለሁ።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «አንተ፣ ምን ትቀመጣለህ? ያፈሰስከውን ጠርሙስ ሁሉ ሰብስበህ አምጣ» አሉት።

ልጁ ሮጠ።

ያልተደፋ ሁለት ጠርሙስ ቀርቶ ነበር። አልጌ እንደ ሊጥ ነው፤ እርሾ ከተረፈ ይበዛል። በየባዶው ጠርሙስ ከሁለቱ እየከፈልኩ ጥቂት ጥቂት አንቆረቆርኩ። በበርሜሉ ውስጥ ባደረ ውሃ ሞላኋቸው። ውሃው ከአረንጓዴ ይልቅ የጎመን እጣቢ መሰለ። ልጁ አጠገቤ ተንበርክኮ ዩሪያውን ይዞልኛል።

«ስንት ማንኪያ ነው?» አለ።

«ማንኪያ አይደለም፣ በጣት ጫፍ። ልትገድለው ነው?»

እትዬ ከጀሪካናቸው ላይ ሆነው «ያ ጥጉ ጋ ያለው ጎደለ» ይሉኛል። እሞላዋለሁ። «አሁን በዛ» ይላሉ። እቀንሳለሁ። በፀሐይ በኩል ደረደርኳቸው። ፓምፑን ሰካሁት፤ ማጓራት ጀመረ።

ከታች አንድ ሰው እናትህና አባትህ መጡ ብሎ ተጣራ። የመጨረሻው ጠርሙስ ውስጥ ቱቦውን እየከተትኩ ነበር። ከትቼ፣ አየሩ መውጣቱን አይቼ ወረድኩ።